የሹክሹክታ ትምህርት

ማርች 15፣ እሑድ

በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወሬው ሐሙስ ማታ ነው የመጣው፤ እኔ ግን የገባኝ ዛሬ ጠዋት፣ ቦርሳዎቹ በሩ ሥር እንደተቀመጡ ሲቀሩ ነው። ትንሹ ልጄ ሮኢ «እስከ መቼ?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። እስከ ፋሲካ ይላሉ፣ ከፋሲካም በኋላ ይላሉ።

በአማርኛ የምጽፈው ልጆቹ ስለማያነቡት ነው። ይሰሙታል፣ ትንሽ ያወሩታል፣ ፊደሉን ግን አያውቁም፤ የሚማሩት በዕብራይስጥ ነው። እዚህ ላይ እንደፈለግሁ ላስብ።

ነገ ሥራ አለኝ፣ መቅረት አይቻልም። የምንከባከባቸው ሴትዮ፣ ወይዘሮ ኔሐማ፣ ያለ እኔ ከወንበር አይነሡም። ባሌ ውበቱ ደግሞ ሌሊቱን ዳቦ ቤት ሲያቦካና ሲጋግር አድሮ ጠዋት ይገባል። ቀን ካልተኛ ሌሊት ማሽኑ እጁን ይበላዋል። የሰፈራችን የቃታሞኒም ቤቶች ግድግዳቸው ቀጭን ነው፤ የጎረቤት ማንኪያ እንኳ ይሰማል። ስለዚህ ሚካልን ጠርቼ ነገርኳት። አሥር ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል። «ወንድምሽን ያዢልኝ። አባን እንዳትቀሰቅሱት፣ በሹክሹክታ አውሩ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሚካል አለችልኝ።

ማርች 18

ቸኩያለሁ። አውቶቡስ ቀንሷል። ሮኢ በዙም መማር ጀመረ፣ በአባቱ ስልክ። የኔን እኔ ይዤው እሄዳለሁ። ሁለቱ የሚማሩበት ሰዓት ገጠመ። ሚካል «እሱ ይግባ፣ እኔ በኋላ አያለሁ» አለች። አስተዋይ ልጅ ናት።

ማርች 22፣ እሑድ

ወይዘሮ ኔሐማ ተኝተዋል። ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ ይተኛሉ፤ እኔም መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። መስኮቱ ኢትዮጵያ ጎዳናን ቁልቁል ያያል። ፊት ለፊት የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ክብ ጣሪያ አለ። እናቴ «የነሱ ቤት ነው፣ እኛ እዚያ ምን አለን» ትለኝ ስለነበር ገብቼ አላውቅም። ድምፅ ግን አጥር አይከለክለውም። መነኮሳቱ ጸሎት ሲያደርሱ ግዕዙ እስከዚህ ይመጣል። የኛ የአይሁዶቹ ቄሶችም የሚጸልዩት በግዕዝ ነው፤ ቃሉ ሳይለይልኝ ዜማውን ብቻ ስሰማ፣ በልጅነቴ ጎንደር የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ወዲያ የተቀመጡ ይመስለኛል።

መኪና የለም። ሰው የለም። ርግቦች አስፋልቱ መካከል ይራመዳሉ፣ የሚያባርራቸው ስለሌለ ቀስ እያሉ። ጥዱ ፀሐይ መትቶት ይሸታል። ከተማዋ የተኛች እንጂ የታመመች አትመስልም። እኔም አንዳንዴ ዓይኔን ገልጬ የተኛሁ ይመስለኛል።

ወይዘሮ ኔሐማ ነቁና «ልጆቹ ዛሬ ለምን አይጮሁም?» አሉኝ። ከኋላ ካለው ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት የሚመጣውን ጫጫታ ለምደውታል። ተዘግቷል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጅ ዝም ሲል ሄዶ ማየት ነው» ብለው መልሰው ተኙ።

ማታ የጨመርኩት፦ ቤት ስገባ የኔዎቹም ዝም ብለው ነው ያገኘኋቸው። ውበቱ አልነቃም። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ማርች 26

ከቤት ርቆ መሄድ ተከለከለ። እኔ የሥራ ወረቀት ስላለኝ እሄዳለሁ። ልጆቹ ግን ከደረጃው አያልፉም። ሚካል ደረጃው ላይ ያስተምራታል… ታስተምረዋለች ልል ነው። ሚካል ሮኢን። እጄ ደክሟል።

ኤፕሪል 1፣ ረቡዕ

የሮኢ መምህርት ትናንት ማታ ደወለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ ድምፅ ደግሞ ያስፈራኛል። ልጁ ፊደል ይዘላል አለች። የሚያነብ ይመስላል እንጂ ሌሎቹ ሲያነቡ ሰምቶ ነው የሚደግመው አለች። እንዲህ ከቀጠለ አንደኛ ክፍልን ሊደግም ይችላል።

ሌሊቱን ሕልም አየሁ። ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ወለሉ ውሃ ነው። ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ አንዳቸውም አልፈሩም። እኔ ስም እየጠራሁ ነው። ሁሉም አቤት ይላሉ። አንድ ስም ላይ አቤት የሚል ጠፋ። የማን ስም እንደሆነ ሳላውቅ ነቃሁ። የሮኢ ይሆናል፣ ሌላ የማን ይሆናል።

ጠዋት ሚካልን ኩሽና ውስጥ ያዝኳት። «እስከ ፋሲካ ሮኢን አስነቢልኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ከትምህርቱ በኋላም» አልኳት። «እሺ ኢማ» አለች፤ እማዬን በዕብራይስጥ ነው የሚሉኝ። ሻይዋን አልጨረሰችውም።

እናቴ በስልክ «ልጅቱ ላይ አላበዛሽም?» አለችኝ። አላበዛሁም። እኔም እኮ እዚህ አገር የመጣሁት በሚካል ዕድሜ ገደማ ነው። ዕብራይስጥ ከቤተሰቡ ቀድሞ የገባው ለኔ ነበር። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ የቤት ጉዳይ ቢሮ፣ ሁሉም ቦታ የእናቴን እጅ ይዤ የማወራላት እኔ ነበርኩ፤ ከክፍል እየቀረሁ። ምን ሆንኩ? ምንም አልሆንኩ። ጠነከርኩ። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት በሌላ ምክንያት ነው።

ኤፕሪል 5

ሮኢ አንድ መስመር ሙሉ አነበበልኝ። ሰማይ የነካሁ መሰለኝ። ሳህኖቹ አልታጠቡም፣ ይቆዩ።

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ፣ በዓሉ ከወጣ በኋላ

ትናንት ሴዴሩን፣ የፋሲካውን ራት፣ ብቻችንን አከበርን። እናቴ እዚሁ ሰፈር፣ ሁለት ሕንፃ አልፎ፣ ብቻዋን ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ፋሲካ አይቼ አላውቅም። በየበረንዳው ሰው ወጥቶ ይዘምር ነበር፤ አንዱ ጋ ሲያልቅ ሌላው ጋ ገና ነው፣ ዜማው በሕንፃዎቹ መካከል እንደ ጭጋግ ተንሳፍፎ ይቀራል።

ከቤቱ ትንሹ ልጅ ነው «ይህ ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች በምን ይለያል?» ብሎ የሚጠይቅ። ሮኢ በቃሉ አልዘመረውም፤ ከበዓሉ መጽሐፍ አነበበው። ጣቱን ከቃል ቃል እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ፊደል ሳይዘል። ውበቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም አለቀስኩ። ሚካልን ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯ ከሮኢ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሲጨርስ እጇ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀ፣ ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው። ቶሎ ተኛች። ብዙ አልበላችም፤ ማጻውን፣ ያልቦካውን ቂጣ፣ አትወደውም።

ኤፕሪል 16

እናቴ የነገረችኝ፦ ሚካል ጠዋት ጠዋት ትደውልላታለች፣ ከደረጃው ሆና። «ምን ትልሻለች?» አልኳት። «ምንም አትል» አለች። «እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትተነፍሳለች። እንዳትዘጋው ስለምፈራ ወሬ እፈጥራለሁ።» ልጄ አያቷን ትወዳለች። ሌላው ልጅ ሁሉ አያቱን በረሳበት ጊዜ።

ኤፕሪል 23

ከትምህርት ቤት ታብሌት ተዋስን። አንድ ለአንድ ቤት። ለሮኢ ሰጠሁት፣ የሚያሰጋው እሱ ስለሆነ። ሚካል «ይውሰደው» አለች። እንዲያውም ተገላገልኩ በሚል ድምፅ። ስለ እሷ ማሰብ ስለማያስፈልገኝ አመሰግናለሁ።

ኤፕሪል 28፣ ማክሰኞ

ዛሬ ልጆቹን ወደ ሥራዬ ወሰድኳቸው። ውበቱ ትኩሳት ነገር ስላለው (ጉንፋን ነው ተብሏል፣ ተመርምሯል) ቤቱን ባዶ ማድረግ ነበረብኝ። ወይዘሮ ኔሐማ «ይምጡ፣ ቤቱ ድምፅ ናፍቆታል» ብለው ፈቀዱ። ልጆቹ ግን ያንን ሁሉ ክፍል በጣታቸው ጫፍ ነው የሄዱት። ሴትዮዋ «እነዚህ ድመቶች ናቸው ወይስ ልጆች?» ብለው ጠየቁኝ። ሳቅሁ።

ከሰዓት ወደ መንገዱ ወረድን። ግንቡ ላይ ሐምራዊ አበባ ተንጠልጥሏል፤ ንፋስ የለም፣ አበባው ግን አንድ አንድ እያለ ይወርዳል። ሮኢ ራሱን ቀና አድርጎ የመንገዱን ስም በዕብራይስጥ ፊደል አነበበ። «ኢት… ዮጵ… ያ። ኢማ፣ ያንቺ አገር ነው» አለ። «ማን አስተማረህ?» አልኩት፣ መልሱን ከሱ አፍ መስማት ፈልጌ። እኔ ማታ ማታ የምለፋበትን ያስታውስ እንደሆን ብዬ። «ሚካል» አለ። ልጅ የቅርቡን ነው የሚያስታውስ።

አንዲት መነኩሴ ባልዲ ይዘው ከግቢው በር ብቅ አሉ። አማርኛ ስናወራ ሰምተው ኖሮ ቆሙና ደኅና ዋላችሁ አሉን። ዘንድሮ ለትንሣኤ ሰው አልመጣ፣ ዴር ሡልጣንም ጭር ብሎ ነው የዋለ፣ እኛው ዘምረን እኛው ሰማን አሉኝ። ከዚያ ሚካልን «አንቺስ እመቤቴ፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ብለው ጠየቋት።

ሚካል መሬት መሬት እያየች በዚያ በሚሰባበር አማርኛዋ «እኔ ትምህርት የለኝም» አለች።

ተዘግቶባት ነው ለማለት ነው ብዬ አረምኳት። አማርኛዋን ማሳደግ አለብኝ፣ የኔ ጥፋት ነው። መነኩሴዋ ግን እኔን አላዩኝም፣ እሷን ነው ቆመው ያዩት። «አይዞሽ» ብለዋት ገቡ።

ዞር ስል ሚካል ግንቡ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷታል። አበባው ጠጉሯ ላይ ወድቋል። በጠራራ ፀሐይ፣ በመንገድ ዳር፣ እንደዚያ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ሮኢ «አትቀስቅሻት» አለኝ በሹክሹክታ። የጸደይ ፀሐይ ያዝላል።

ሜይ 3፣ እሑድ

ሮኢ ትምህርት ቤት ተመለሰ። መጀመሪያ ትንንሾቹ ናቸው የተጠሩት። መምህርቱ ከሰዓት ደወለች፣ «ማን እንዳስተማረው አላውቅም፣ እጁ ይባረክ» አለች። አይደግምም። ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ስንት ማታ አብሬው ተቀመጥኩ፣ ስንት ማታ። ለእናቴ ነገርኳት፣ ለወይዘሮ ኔሐማ ነገርኳቸው፣ አውቶቡስ ላይ ለማላውቃት ሴት ነገርኳት።

ለሚካልም ነገርኳት። «ጎበዝ» አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሜይ 10

ሚካል አሁን ብቻዋን ናት፣ ታብሌቱም ነፃ ነው። ስገባ ግን ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብላ ታብሌቱ ተዘግቶ አገኘኋት። ጨረስሽ? አልኳት። አዎ አለች። ምንም አታስቸግረኝም።

ሜይ 17፣ እሑድ

አራተኛ ክፍል ተጠራ። ሚካል ሆዷን አመማት። ምንም አይደል፣ ነገ ትሄዳለች።

ሜይ 18

ዛሬም ሆዷን።

ሜይ 19፣ ማክሰኞ

በእርጋታ ልጽፈው።

ከሰዓት ወደ ቤት እየተመለስኩ የሚካል መምህርት አቪታል ደወለች። «እናና፣ ሚካል ደኅና ናት?» አለችኝ። ሆዷን እያመማት ነው አልኳት። እሷ ግን፣ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አንድ ቀን በዙም አላየኋትም አለችኝ። በአባቷ ስልክ መልእክት ትልክላት ነበር፤ ሚካልም «ደኅና ነኝ፣ ወንድሜን እያስተማርኩ ነው» ብላ ትመልሳለች። አቪታል እኛ አውቀን የፈቀድነው መስሏት ነበር። «ቀድሜ ለእናንተ መደወል ነበረብኝ» አለች። እሷ እንኳ ይህን አለች።

ቤት ስገባ ሚካል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ውበቱም ተኝቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና በሹክሹክታ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ለምን ጨረስኩ እያልሽ ዋሸሽኝ?» አልኳት።

ያኔ ተነሥታ ጮኸች። ልጄ ጮኸች። ከሁለት ወር በላይ በዚህ ቤት ያልተሰማ ድምፅ ነው።

«በየማታው ሮኢ ምን ተማረ ትይኛለሽ! እኔን አንድ ቀን ጠየቅሽኝ?»

ሌላም ብዙ አለች፣ በዕብራይስጥ፣ ቃሉ እየተደራረበ። መጀመሪያ ላይ ሮኢ ሲጨርስ ልትገባ ትሞክር ነበር፤ የክፍሏ ልጆች በትምህርት ቀድመዋት ሄደው የሚናገሩት ስላልገባት ፈራች። ሁሉም ስክሪኑ ላይ እያዩዋት እንደማታውቅ ያውቁባታል። ሮኢ ካልተማረ የሷ ጥፋት ይሆናል። ሮኢ ካለቀሰ አባ ይነቃል፣ አባ ካልተኛ እጁን ማሽኑ ይበላዋል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ለአያቷ የምትደውለው፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ ለመስማት ነው።

ከላይ ቤት መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። ውበቱ በሩ ላይ ቆሟል፣ የትራሱ መስመር ጉንጩ ላይ ታትሞ። መጥቶ ወለሉ ላይ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ሚካል ሲያያት ዝም ልትል ነበር። «በርቺ» አላት። «ነቅቻለሁ። ጨርሺው።»

ጨረሰችው። ከዚያ አለቀሰች። እኔ እንድነካት አልፈቀደችልኝም።

ሜይ 20

ውበቱ ሥራ አልገባም። ደውሎ አሞኛል አለ፤ ይህን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ሻይ ሳይጠጣ ሲያቀዘቅዘው ቆየና «አንዳንዴ ደረጃው ላይ ሲንሾካሾኩ እሰማቸው ነበር» አለኝ። «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች አሉኝ እያልኩ መልሼ እተኛለሁ።» እኔም እንዲያ ነበርኩ አልኩት።

ለእናቴ ነገርኳት። «አንቺም እንደሷ ነበርሽ» አለችኝ። «ሐኪሙ ሳይጠራን ቀድመሽ ትቆሚ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ጎበዝ እላለሁ።» ያላለቀ ነገር እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ግን ስልኩን አልዘጋችውም፣ እኔም አልዘጋሁትም።

እላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩ። ሁሉም ነገር ተጽፏል። በገዛ እጄ።

ሜይ 24፣ እሑድ

ከአቪታል ጋር ተገናኘን፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ጭምብል አድርገን። አልሸፋፈነችውም። ማካፈልና ክፍልፋይ ሙሉ በሙሉ አልፏታል፤ ንባቡም ሄዷል። ይደረስበታል፤ ከትምህርት በኋላ ለጥቂት ልጆች የምትቀመጥበት ሰዓት አለ፤ ክረምቱንም ትንሽ መሥራት ይኖርባታል። የሚከብደው ግን ይህ አይደለም አለች። ልጅቷ የምታፍርበትን ነገር ነው የምትሸከመው።

የወይዘሮ ኔሐማ ልጅ ቤን ከእናቱ ጋር ከሰዓት ለመቀመጥ ተስማማ። ከእንግዲህ ልጆቹ ሲመለሱ ቤት እገኛለሁ። ደመወዜ ይቀንሳል። ይቀንስ።

ሜይ 27

ውበቱ ከዳቦ ቤት ሲወጣ ወደ ቤት መጥቶ ሚካልን ይዞ ይሄዳል፣ ዱቄቱን ሳያራግፍ። ሰኞ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ደርሰው ተመለሱ። ማክሰኞም። አላስገደዳትም፤ ከበሩ ፊት ለፊት አጥር ላይ ተቀምጠው የሚገቡትን ልጆች አዩ፣ ከዚያ ተመለሱ። እኔ ብሆን እገፋት ነበር። ዛሬ ተቀምጠው ሳለ ውበቱ እንቅልፍ ጣለው። አንዲት የክፍሏ ልጅ አይታ «አባትሽ ምን ሆነው ነው ነጭ የሆኑት?» አለቻት። ሚካል «ጋጋሪ ነው» አለች። ልጅቷ «እኛ ክፍልፋይ ላይ ነን፣ እኔም አልገባኝም» አለቻት። አብረው ገቡ። ውበቱን የቀሰቀሰው ዘበኛው ነው።

ሰኔ ሊገባ ነው መሰለኝ። ጁን 4

ሚካል እንደገና ትበላለች። ትቆጣለችም። ሮኢ «አስነቢኝ» ሲላት «ራስህ አንብብ» አለችው። ሮኢ አኮረፈ። እኔ አፌን ከፈትኩ፣ እርጂው ልላት። ዘጋሁት። ራሴ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እኔ ዕብራይስጥ ሳነብ እንደምሳሳት ሮኢ አሁን አወቀብኝ፣ ያርመኛል። ይረም።

ከአቪታል ጋር ገና ብዙ ይቀራታል። ትናንት ከሰባት ጥያቄ ሁለቱን ነው ያገኘችው። ወረቀቱን ግን አልደበቀችውም።

ጁን 14፣ እሑድ

ከሰዓት ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሙቀቱ ገብቷል። ሮኢ ከአባቱ ጋር ወጥቷል። ሚካል ኩሽና መጥታ በሩን ተደገፈች።

«ኢማ፣ አንቺ አሥር ዓመትሽ ሳለ ምን ትጫወቺ ነበር?»

ምንም አልነበረም ልላት ነበር። ሳስበው የሚመጣልኝ ወረፋ፣ ቢሮ፣ የእናቴ ጨምዳዳ እጅ ነው። ከዚያ ከሩቅ፣ ጎንደር ግቢ ውስጥ ሆነን ወደዚህ የምንመጣበትን ቀን ስንጠብቅ፣ ጠጠር ትዝ አለኝ። አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ ሌሎቹን ከመሬት አፍሶ፣ የተወረወረውን ሳይወድቅ መቅለብ። ቅልልቦሽ እንለው ነበር። እጄ ነው ከኔ በፊት ያስታወሰው።

ታች ወርደን ከሕንፃው ሥር ክብ ክብ ጠጠር ለቀምን። ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጥን፣ ድስቱ እንዳልታጠበ፣ ልብሱ እንዳልተሰጣ። ትንሽ አሳየኋት። ያኔ እንደነበርኩት አይደለሁም፤ ጠጠሩ ከጣቴ ያመልጣል፣ ጉልበቴ ይጮኻል። ግን ደስ አለኝ፣ ደስ ብሎኝ እሷን የማሳያት መሆኔን ረሳሁት፤ ደጋግሜ ወረወርኩ፣ ደጋግሜ ቀለብኩ፣ አሁንም አንዴ፣ አሁንም አንዴ እያልኩ።

ሚካል እጇን ዘረጋች።

«ኢማ፣ ተራው የኔ ነው» አለችኝ።

ሰጠኋት።